ሰይጣኑ ሳህን ይዞ ነው የመጣው

ይሄን የምጽፈው ሦስት ሰው ስለጠየቀኝ ነው። ሦስቱም ቤቴ መጥተው ሥዕሉን አዩና «ማን ሠራልሽ? ስንት ከፈልሽ?» አሉኝ። ለእያንዳንዱ ከመለፍለፍ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ደሴ መንገድ ላይ ምግብ ቤት አለኝ። ትልቅ አይምሰላችሁ። ስምንት ጠረጴዛ፣ አንድ ማድ ቤት፣ ከጀርባው እኔና ልጄ የምንኖርባቸው ሁለት ክፍሎች። ደንበኞቼ ባብዛኛው የከባድ መኪና ሹፌሮችና ረዳቶች ናቸው። በጾም በየዓይነቱ፣ በፍስክ ጥብስና ቅቅል። ስለ ሥዕል የምናገር ሰው አይደለሁም። ወጥ ግን ሠላሳ ዓመት ቀምሻለሁ። ሥዕሉንም ያየሁት በዚያው ምላስ ነው።

ነገሩ ስለት ነው። ልጄ አምና ታማ ተኝታ ነበር። ከተነሣች ሥዕል አሠራለሁ ብዬ ለመድኃኔ ዓለም ተሳልኩ። ተነሣች። ያኔ ነው «የቱን ሥዕል?» የሚለው የመጣው። ሰው ሁሉ የሚያሠራው ወይ ስቅለቱን ነው፣ ወይ ምስለ ፍቁር ወልዳን፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ያለችበትን፣ ነው። እኔ ግን ሆዴ ያለው ሌላ ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ በየዓመቱ የምሰማው ስብከት አለ። ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሞ፣ ሰይጣን ሦስት ጊዜ መጥቶ የፈተነበት። የጾም ምግብ ሸጬ ለምኖር ሰው ከዚህ የቀረበ የለም ብዬ አሰብኩ።

በነገራችን ላይ ይቺ ቆሮንቶስ ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት የግሪኳ ከተማ አይደለችም። ስንት ዓመት አንድ ይመስለኝ ነበር። የፈተናው ተራራ ነው የሚባለው ኢያሪኮ አጠገብ ያለው ነው። ፈረንጆቹም ተራራውን የሚጠሩት በላቲን «አርባ» ከሚለው ቃል በወጣ ስም ነው። ይሄን የነገሩኝ ሠዓሊው ናቸው።

ሠዓሊው መሪጌታ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፣ እንደዚያ ብለውኛል። ቤታቸው ከበሬሳ ማዶ ነው። ታፔላ የለውም። የቆርቆሮ በር ነው፤ አንኳኩተህ ትቆማለህ። ውስጡ ዕጣንና ቀለም አብሮ ይሸታል። መሀል ላይ የከሰል ምድጃ አለ። ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ቁጭ ያለች ከተማ ናት፤ ጥር ላይ ጣት እርሳስ አይዝም። መሪጌታ ካፖርት ለብሰው፣ ጣቱ የተቆረጠ የሱፍ ጓንት አድርገው ነው የሚሥሉት።

ሐሳቤን ስነግራቸው ዝም ብለው አዩኝ። «ፈተናውን?» አሉ። «አዎ።» «ለቤተ ክርስቲያን ነው?» «ለምግብ ቤቴ ግድግዳ» አልኩ። እምቢ አሉ። እንዲሁ በደፈናው አይደለም፣ አስረዱኝ። «ሥዕል ይሰገድለታል፣ ይጸለይበታል። ቢራ የሚጠጣበት፣ ሰው ጀርባውን ሰጥቶት ቁርጥ የሚበላበት ቦታ አይሰቀልም። ጸሎት የምታደርጊበት ቦታ የለሽም?» አሉኝ። ቦታስ አለኝ፤ መኝታ ቤቴ ጥግ ላይ። «መጋረጃ አለው?» የለውም። «መጋረጃ ስፊለት» አሉና ወደ ዋጋው ገባን።

ዋጋውን ልናገር። ቁመቱ 120፣ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር። 25 ሺህ ብለው ጀመሩ፣ 20 ሺህ ላይ ተስማማን። 8 ሺህ ቀብድ ከፈልኩ። ውድ ነው? ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚሸጠው በወረቀት የታተመው ሥዕል ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የሻይ ዋጋ ነው። እሱም ነበረኝ። ፀጉሩ ወርቅማ፣ ዓይኑ ሰማያዊ ጌታ፣ የሌሊት ወፍ ክንፍ ያለው ሰይጣን። በሁለት ክረምት ገረጣ። የመሪጌታው በአቡጀዲ ላይ በእጅ የተሠራ ነው። ወር ሙሉ የአንድ ሰው እጅ ነው። እኔ አልቆጨኝም።

የሚቆጨኝ ቀጠሮው ነው። ለዘወረደ አደርሳለሁ አሉ። የጾሙ መግቢያ ሳምንት ማለት ነው። ዘወረደ ሄድኩ፤ ንድፉ ብቻ። ቅድስት ሄድኩ፤ ለቅሶ ሄደዋል። ምኩራብ ላይ የጌታ ልብስ ተቀብቷል። መጻጉዕ ላይ ቀለም አልቆ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቃል። ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር... እኔ የጾሙን ሳምንታት በቅደም ተከተል ያጠናሁት ዘንድሮ ነው። ያገኘሁት ለኒቆዲሞስ ነው። ሰባተኛው ሳምንት! ሆሣዕና ሊገባ አንድ እሑድ ሲቀረው። መሪጌታ ጋ የምታዝዙ ከሆነ በነገሯችሁ ቀን ላይ አንድ ወር ተኩል ደምሩ። ስልክም አያነሡም።

ግን ያ ምልልስ ባይኖር አንድ ነገር አላይም ነበር። አንድ ቀን ስገባ በጣሳ ነጭ ዱቄት በኮላ እየበጠበጡ ነው። ከቀለሙ በፊት አቡጀዲው ላይ የሚቀባው መነሻ ነው። ጨርቁ ቀለሙን እንዳይጠጣው ያደርጋል። «ምንድን ነው?» አልኩ። «ጄሶ።» ሳቄ መጣ። «እሱንማ እኛም እናውቀዋለን!» አልኳቸው።

ታስታውሱ እንደሆነ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጄሶ የተቀላቀለበት እንጀራ ተያዘ የሚል ዜና ነበር። አገር ምድሩ እንጀራውን እያገላበጠ ያየ ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ ሰው በጓሮ በሬ መጣ። ጨዋ ሰው። አንገቱ ላይ ሻርፕ ጣል አድርጎ፣ «እትዬ፣ እንደምን ዋልሽ» ብሎ፣ የልጄን ጤና ጠይቆ። ናሙናውን በሳህን ላይ አድርጎ ነው ያቀረበልኝ። ንጹሕ ነጭ ዱቄት። ኩንታሉ ከገበያው በግማሽ ዋጋ። ምን እንደተቀላቀለበት አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። «ነገ ልንገርህ» አልኩት።

እውነቱን ልናገር፣ ያን ሌሊት ሒሳብ ሳሰላ ነው ያደርኩት። የጤፍ ዋጋ ጣራ ነክቷል። ሹፌር ደግሞ በእንጀራ ላይ አሥር ብር ብትጨምርበት ሸዋ ሮቢት ሄዶ ይበላል። ጠዋት እምቢ ያልኩት ቅድስና ይዞኝ እንዳይመስላችሁ። እንጀራ ጋጋሪዬ ናሙናውን በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋ «እትዬ፣ ይሄ ሊጥ ዓይን አያወጣም» ስላለችኝ ነው።

ይሄን ሁሉ ለመሪጌታ ነገርኳቸው። ማማሰላቸውን አቆሙ። ምንም አላሉም። ከዚያ መልሰው ማማሰል ጀመሩ። እኔም ረሳሁት።

አሁን ወደ ሥዕሉ። ሦስቱ ፈተናዎች በአንድ ጨርቅ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ናቸው። በማቴዎስ ምዕራፍ 4 ቅደም ተከተል ነው የሠሩት። ሉቃስ ተራራውን ሁለተኛ፣ መቅደሱን ሦስተኛ አድርጎ ነው የጻፈው። ከላይ በቀይና በጥቁር «ዘከመ አመከሮ ዲያብሎስ ለእግዚእነ» የሚል ጽሕፈት አለ፤ ዲያብሎስ ጌታችንን እንደ ፈተነው ማለት ነው። ፊደላቸው ከሥዕላቸው ይበልጣል ብል ይቆጡኝ ይሆናል፤ ግን ያምራል።

የመጀመሪያው ክፍል ነው ሥዕሉን ሥዕል ያደረገው። እኔ ቀድሜ የለመንኳቸው ግዙፍ፣ ቀንዳም፣ ምላሱ የወጣ፣ ልጅ የሚያስለቅስ ሰይጣን ነበር። የሠሩት ትንሽ ሰውዬ ነው። አለባበሱ ንጹሕ ነው። ጎንበስ ብሏል። በሁለት እጁ ሳህን ይዟል፣ ልክ አስተናጋጅ እንደሚያቀርበው። ሳህኑ ላይ ሦስት ነጫጭ ድንጋዮች አሉ። አንገቱ ላይ ሻርፕ።

ሻርፑን ሳይ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ዞር ብዬ መሪጌታን አየኋቸው። ብሩሽ እያጠቡ ነው። «ምነው?» አሉኝ። «ምንም» አልኩ።

ሰይጣኑ ዓይኑ አንድ ነው። ይሄ የአገራችን የሥዕል ሕግ ነው። ጻድቃን ፊታቸውን ሙሉ ያዞሩልናል፣ ሁለት ዓይን አላቸው። ክፉዎች በጎን ነው የሚሣሉት፣ አንድ ዓይን ብቻ። ሁለቱንም ዓይኖቹን ይሥሩልኝ ብዬ ተከራክሬ ነበር፤ ደህና አድርጌ ልየው ብዬ። «እሱ ሲያይሽ ሁለት ዓይን አለው፣ አንቺ ስታዪው አንድ ይበቃሽ» አሉኝ። ገብቶኛል አልልም።

እዚህ ክፍል ላይ አንድ ጭቅጭቅ ነበረን። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «እነዚህ ድንጋዮች እንጀራ እንዲሆኑ በል» ነው የሚለው። ስለዚህ እኔ እንጀራ ይሣል አልኩ። ሥራዬም ነው። መሪጌታ «ግእዙ ኅብስት ነው የሚለው፣ ድንጋይ ደግሞ ዳቦ ነው የሚመስለው፣ ድንጋይ የሚመስል እንጀራ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉ። «አዎ፣ ሆቴል ቤት» አልኳቸው። ሳቁ። በመጨረሻ ድንጋዮቹን እንደ ትንንሽ ድፎ አድርገው ሠሯቸው፤ አንደኛዋ ላይ የኮባ ቅጠል ምልክት አለባት። በዳቦው ተሸነፍኩ። ጌታ ሲመልስ ግን «ሰው በእንጀራ ብቻ አይኖርም» ነው ያለው፤ እሱን ከሥር በአማርኛ ጻፉልኝ።

ሁለተኛው ክፍል መቅደሱ ጫፍ ላይ ነው። እዚህ ጋ ልጄ ናት መጀመሪያ ያየችው። «እማዬ፣ ሰይጣኑ ዳዊት ይዟል!» አለች። እውነት ነው። ትንሽ፣ ማኅደር ያለው ዳዊት፣ በብብቱ። ደነገጥኩ። ለሰይጣን ዳዊት ያስይዛል ወይ? መሪጌታ ጋ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። «ጠቅሶ አይደል የመጣው!» አሉኝ። «መላእክቱን ስለ አንተ ያዝልሃል ያለው ከየት አምጥቶ ነው? ከዳዊት 90 ነው። በይ ቤትሽ ሂጂና ቀጥሎ ያለውን አንብቢው።» እናንተም አንብቡት። ቀጥሎ ያለው ዘንዶውን ትረግጣለህ ነው የሚለው። እሱ ጋ ሲደርስ አቁሟል። ሰይጣን ለተንኮሉ ከመጽሐፍ ይጠቅሳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ የት ጋ እንደሚያቆም ግን አላውቅም ነበር።

ከዚህ ሌላ ሁለተኛው ክፍል ደካማ ነው። መቅደሱ የኢየሩሳሌም ሳይሆን አዲስ የተሠራ ባንክ ይመስላል። መላእክቱ ደግሞ አምስቱም አንድ ፊት ናቸው፤ ፎቶ ኮፒ። እዚህ ጋ ቸኩለዋል። የመጻጉዕ ሳምንት ቀለም ያለቀ ጊዜ መሰለኝ።

ሦስተኛው ተራራው ነው። የዓለም መንግሥታት ሁሉ የሚታዩበት። እኔ ከደብረ ሲና በታች ነው ያደግኩት። ስለዚህ ገና ሳየው አወቅኩት። ጣርማ በር ነው! ከ3,000 ሜትር በላይ ቆመህ፣ ዋሻውን አልፈህ፣ ድንገት መሬቱ ከእግርህ ሥር ጠፍቶ ቆላው በጭጋግ ውስጥ እስከ አፋር ድረስ የሚዘረጋበት። ያን ሰማያዊ የሚያውቅ ያውቀዋል። በየርቀቱ እየሳሳ የሚሄድ ሰማያዊ። መሪጌታ እሱን ሰማያዊ አምስት ጊዜ ደርበው ነው ያመጡት። ከሥዕሉ ሁሉ ብዙ የማየው እዚያ ጥግ ነው።

ይሁዳ ምድረ በዳ ውስጥ ጅብራ ይበቅላል ወይ ብላችሁ አትጠይቁ። እዚህ በቅሏል። ጭላዳም አለ፤ ደረቱ ቀይ፣ ሣር የሚግጥ። ይሄንንም ጠየቅኩ፤ መልስ አላቸው። ማርቆስ ወንጌል ላይ ጌታ በምድረ በዳ «ከአራዊትም ጋር ነበረ» ይላል፤ የትኞቹ አራዊት እንደሆኑ አልጻፈም። መሪጌታ የሚያውቋቸውን አራዊት ሣሉ። ጣና ገዳማት የሄደ ሰው የፈርዖን ሠራዊት ጠብመንጃ ይዞ ባሕር ሲሰጥም አይቷል። የእኛ ሠዓሊዎች ድሮም እንዲህ ናቸው።

አሁን ትልቁን ቅሬታዬን ልናገር። የጌታ ፊት ጠግቧል። 40 ቀን የጾመ ሰው ጉንጭ አይደለም። ማቴዎስ ራሱ «ተራበ» ነው የሚለው። ሁዳዴን ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ እናቶችን አውቃለሁ፤ ፊታቸው እንዲህ አይሞላም። ይሄን ስል መሪጌታ ቅር አላቸው። «ሥዕሉ የሚያሳየው ረኃቡን ሳይሆን ድሉን ነው» አሉ። በስስት ቢመጣበት በትዕግሥት፣ በትዕቢት ቢመጣበት በትሕትና፣ በፍቅረ ንዋይ ቢመጣበት በጸሊአ ንዋይ ድል ነሣው የሚለውን አወረዱልኝ። እሱንስ እኔም አውቀዋለሁ። ግን የተራበ ሰው እምቢ ሲል ነው እምቢታው የሚከብደው። የጠገበ ሰውማ ድንጋዩን ዳቦ ብታደርግለትም ነገ እበላዋለሁ ይልሃል። በዚህ አልተስማማንም፤ እስካሁን አልተስማማንም።

ልጄ በስልኳ የፈረንጆቹን ፈልጋ አሳየችኝ። ቦቲቼሊ የሚባል ጣሊያናዊ በቫቲካን ሲስቲን ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1481 እና 82 የሠራው አለ። እዚያ ሰይጣኑ የመነኩሴ ልብስ ለብሶ ነው የሚመጣው። ይሄን ለመሪጌታ አሳየኋቸው። ስልኩን ተቀብለው በጣታቸው እያሰፉ ብዙ አዩት። «ይሄስ ሥራውን ያውቃል» አሉ። ክራምስኮይ የሚባል ሩሲያዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1872 የሣለው አለ። እሱ ላይ ሰይጣን የሚባል ነገር የለም። ጌታ ብቻውን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን አቆላልፎ፣ ያስባል። ፊቱ ከስቷል። «ይኸው!» አልኳቸው። «እሱ ሰው ነው የሣለው፣ እኔ አምላክ ነው የሣልኩት» ብለው ስልኩን መለሱልኝ።

ከሥር እኔም አለሁ። ሥዕል ያሠራ ሰው ከግርጌ ተደፍቶ ይሣላል፣ የቆየ ልማድ ነው። ነጠላዬን ለብሼ በግንባሬ ተደፍቻለሁ። የክርስትና ስሜ አጠገቤ ተጽፏል። ወገቤን አቅጥነውልኛል፤ ስለዚህ ቅሬታ የለኝም።

ፍሬሙን በተመለከተ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። መሪጌታ ፍሬም አይሠሩም፤ አንድ እንጨት ሥራ ቤት ወሰድኩት። ደረቅ ዋንዛ ነው ብሎ እርጥብ ባሕር ዛፍ ገጠመልኝ። በሦስተኛው ሳምንት አንደኛው ጎን ተጣመመ። ጨርቁ ታችኛው ጥግ ላይ ተሸበሸበ፤ ደግነቱ ጅብራው ጋ ነው። ስመልሰው «ብርዱ ነው» አለኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ሁሉም ነገር በብርድ ይሳበባል። ቫርኒሹም ለመድረቅ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቷል። በዚህስ እውነትም ጥፋተኛው ብርዱ ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ መጋረጃ አታስነኩ፤ እኔ አስነክቼ የመላእክቱ ክንፍ ላይ ክር ቀርቷል።

የቀረውን ክፍያ ሊቀበሉ መሪጌታ ራሳቸው መጡ። ከፋሲካ ወዲህ ነው፤ ግን ቀኑን ረስተው በፍስክ ሽሮ አዘዙ። ብሩን በፖስታ ሰጠኋቸው፤ ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱት። እጃቸውን ታጠቡ። ሽሮው ከመፍሰሱ በፊት ከዳር አንድ ቁራጭ እንጀራ ቆረሱና ወደ መስኮቱ አነሡት። ብርሃኑ በዓይኖቹ ውስጥ አለፈ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩት።

ጋጋሪዬ በማድ ቤቱ በር ቆማ ታያለች። እኔ ቆሜያለሁ። ሹፌሮቹም ዞረው ያዩናል።

«ዓይኑ ጥሩ ነው» አሉና ጎረሱት።